ለሩቅ ወዳጅ ስለሚጻፍ የዓመት ደብዳቤ



ሰው በቅርብ ያለውን ወዳጁን በእግሩ ሄዶ ይጠይቃል፤ በሩቅ ያለውን ግን በደብዳቤ ካልሆነ በቀር ከቤቱ ገብቶ ሊጠይቀው አይችልም። አባቶቻችን «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ሲሉ የተናገሩት፣ ርቀት ብቻውን ወዳጅነትን ያጠፋል ለማለት አይመስለንም። ወዳጅነትን የሚያጠፋው ዝምታ ነው፤ ከዝምታም ይልቅ የሚያጠፋው፣ የተናገሩ እየመሰሉ ምንም ሳይናገሩ መቅረት ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ላይ ስለ እንግዳ አቀባበል ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ወደ ቤታችን ሊመጣ ስለማይችል እንግዳ፣ ይኸውም በሩቅ አገር ስላለ ወዳጅ፣ ልንነጋገር አስበናል። ነገራችንም አንድ ቤተ ሰብ፣ ይልቁንም የቄስ ቤተ ሰብ፣ የዓመቱን ወሬ ሰብስቦ በዓመት አንድ ጊዜ ለወዳጆቹ ስለሚልከው ደብዳቤ ነው። በዚህ ደብዳቤ ዋናው ጥያቄ የወረቀቱ ማማር ወይም የእጅ ጽሕፈቱ መጣፈጥ አይደለም። ዋናው ጥያቄ፣ በዓመቱ ውስጥ በቤቱ ላይ ክፉ ነገር የደረሰ እንደ ሆነ ደብዳቤው ምን ይበል? የሚለው ነው።

የዓመት ደብዳቤ በማናቸውም ቤት ሊጻፍ ይችላል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለቄስ ቤት ነው። ቄስ በአንድ አጥቢያ ሲያገለግል ልጆችን ያጠምቃል፤ ሙሽሮችን ያጋባል፤ የታመመውን ይጠይቃል፤ የሞተውን ይቀብራል። የንስሐ ልጆቹም የልባቸውን ምሥጢር ለእርሱ አደራ ሰጥተው ይኖራሉ። ከዚያ በኋላ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በሹመት፣ አንዱ በንግድ፣ አንዱ በትምህርት፣ አንዱም በስደት ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜም የሚሄደው ቄሱ ራሱ ነው። በፕሮቴስታንቶች አገር፣ ይልቁንም በሜቶዲስቶች ዘንድ፣ አገልጋዩን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር የቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት ስለ ሆነ፣ የአንድ ቄስ ልጆች በሦስትና በአራት ከተማ ወዳጅ እየተዉ ያድጋሉ። እንዲህ ያለ ቤት ለወዳጆቹ ሁሉ በየስማቸው ረዥም ደብዳቤ ልጻፍ ቢል ዓመቱ አይበቃውም። ስለዚህ ለሁሉ የሚሆን አንድ ደብዳቤ በዓመት አንድ ጊዜ ማዘጋጀት የሚገባ ነገር ሆኗል።

የዚህም ልማድ መሠረቱ አዲስ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ ሰዎች በጻፈ ጊዜ፣ መልእክቱ በእነርሱ ዘንድ ከተነበበ በኋላ በሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እንዲነበብ አዝዟል። ስለ ራሱ ኑሮ ግን ሁሉን በወረቀት ላይ አልዘረዘረም፤ መልእክቱን ይዞ የሚሄደው ቲኪቆስ በቃሉ እንዲነግራቸው አደረገ እንጂ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ አንድ ደብዳቤ ለብዙ ቤት ሊበቃ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ከወሬ ሁሉ በወረቀት የሚሄድ እንዳለ፣ በሰው አፍ ሊሄድ የሚገባውም እንዳለ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ በዚህ ክፍል የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ አገር ሊማን ቢቸር የሚባል ስመ ጥር የፕሮቴስታንት ቄስ ነበረ፤ በ1775 ተወልዶ በ1863 ሞተ። ከወለዳቸው 13 ልጆች 11ዱ አደጉ፤ ከእነዚህም ሰባቱ ወንዶች ልጆች እንደ አባታቸው ቄሶች ሆኑ። እርሱ በ1832 ከቦስቶን ተነሥቶ በኦሃዮ ግዛት ወዳለችው ወደ ሲንሲናቲ ከተማ ሄደና የሌን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አለቃ ሆነ። ልጆቹም እያደጉ ተበተኑ። በ1840 ገደማ ኤድዋርድ በኢሊኖይ ግዛት የኮሌጅ አለቃ፣ ሄንሪ ዋርድ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ቄስ ነበሩ፤ ሜሪ ከባሏ ጋራ በሃርትፎርድ፣ ሃሪየትም ከባሏ ጋራ በአባቷ አጠገብ በሲንሲናቲ ትኖር ነበር።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ የፖስታ ዋጋ ቀላል አልነበረም። እስከ 1845 ድረስ ከ400 ማይል፣ ይኸውም ከ640 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ለሚሄድ አንድ ቅጠል ወረቀት 25 ሳንቲም ይከፈል ነበር፤ ወረቀቱ ሁለት የሆነ እንደ ሆነ ዋጋውም እጥፍ ይሆናል። ብዙ ጊዜም የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነበረ። የቄስ ደመወዝ ደግሞ በየትም አገር ቢሆን ትንሽ ነው። ስለዚህ የቢቸር ልጆች አንድ ብልሃት አደረጉ። አንዱ የቤቱን ወሬ በወረቀት ላይ ይጽፍና ለሚቀጥለው ወንድሙ ይልካል፤ ያም በተረፈው ስፍራ ላይ የራሱን ጨምሮ ለእኅቱ ያሳልፋል፤ እርሷም የራሷን ጨምራ ለሌላው ትሰዳለች። እንዲህ እያለ ደብዳቤው ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል። ዘዋሪ ደብዳቤ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ቤተ ሰብ የምንማረው ትልቁ ነገር ቁጠባው አይደለም። ከወንድማማቾቹ አንዱ ቄስ ጆርጅ በ1843 በገዛ ጠመንጃው ጥይት ሞተ፤ ያም መራራ ወሬ እንደ ደስታው ወሬ ሁሉ በደብዳቤ ከቤት ወደ ቤት ሄደ። በ1849 ደግሞ በሲንሲናቲ ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ሲፈጅ፣ ሃሪየት ገና ሁለት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ልጇን አጣች። ባሏ ካልቪን ስቶው በዚያን ጊዜ ለሕክምና ወደ ቨርሞንት ግዛት ሄዶ ነበርና ከአጠገቧ አልነበረም። እርሷም የልጁን መታመምና መሞት ሳትሸሽግ ጻፈችለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ለአንዲት ወዳጅዋ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ልጇን በባርያ ነጋዴ የተነጠቀች እናት ምን እንደሚሰማት የተማረችው ከዚያ ሕፃን መቃብር አጠገብ መሆኑን ገለጸች። ይህች ሴት በ1852 «የአጎት ቶም ጎጆ» የተባለውን መጽሐፍ አሳትማ፣ የባርነትን ክፋት ለዓለም ያሳየችው ሃሪየት ቢቸር ስቶው ናት። ኀዘኗን ለወዳጅ መንገርን ያልለመደች ሴት ብትሆን ኖሮ፣ የማታውቃቸውን እናቶች ኀዘን ለመናገር አንደበት ባላገኘችም ነበር ብለን እናስባለን።

ከዚያ በኋላ የፖስታ ዋጋ እየረከሰ ሄደ። እንግሊዞች በ1840 በአንድ ፔኒ ቴምብር ደብዳቤን ወደ አገራቸው ክፍል ሁሉ መላክ ጀመሩ። በ1843ም ሄንሪ ኮል የተባለው እንግሊዛዊ ሹም ለልደት በዓል ለሚደርሱት ደብዳቤዎች ሁሉ መልስ መጻፍ ስለ ከበደው፣ ጆን ሆርስሊ በተባለ ሠዓሊ እጅ ሥዕል አሠርቶ የመጀመሪያውን የልደት ካርድ አሳተመ። አሜሪካም በ1845 ዋጋውን ቀነሰች፤ በ1847ም የመጀመሪያውን ቴምብሯን አወጣች። ከዚያም የጽሕፈት መኪና፣ ቀጥሎም የማባዣ መኪና መጣ፤ በእኛ ዘመን ደግሞ አንድ ሰው በእጁ በያዘው ስልክ በአንድ ጊዜ ለመቶ ሰው መጻፍ ይችላል።

ይሁን እንጂ ዋጋው በረከሰ መጠን ቃሉም አብሮ የረከሰበት ጊዜ አለ። አን በርኔት የምትባል በሰሜን ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረች አሜሪካዊት፣ ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የተጻፉ የበዓል ደብዳቤዎችን ሰብስባ ስትመረምር፣ ሰዎች የሥራቸውን ብዛትና የጊዜያቸውን ማጣት እንደ ማዕርግ አድርገው እንደሚጽፉ አስተዋለች። እውነትም ነው፤ ልጁ ተሸለመ፣ ቤቱ ተሠራ፣ መኪናው ተለወጠ፣ እኛም ፋታ አጣን የሚል ደብዳቤ ለወዳጅ የተላከ ሰላምታ ሳይሆን ለጎረቤት የተለፈፈ አዋጅ ይመስላል። የሚያነበውም ወዳጅ በዚያው ዓመት ልጁ የታመመበት ወይም ከሥራው የወጣ እንደ ሆነ፣ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጥና መልስ ሳይጽፍ ይቀራል።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በአገራችን ደብዳቤ ለረዥም ዘመን በእግረኛ መልእክተኛ እጅ ሲሄድ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታን ሥራ አቋቋሙ፤ ለመጀመሪያዎቹም ቴምብሮች መታተሚያ የሆነችው የፓሪስ ከተማ ናት። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነችና የእኛም ደብዳቤ በራሳችን ቴምብር ወደ ዓለም ሁሉ መሄድ ቻለ።

የእኛ ሰው በደብዳቤው በጉራ የሚታማ አይደለም። የእኛ ጉድለት ሌላ ነው። ደብዳቤያችን «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ይህ ሰላምታ መልካም ነው፤ ምስጋናም ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ደብዳቤው በዚያው ያልቃል። ዛሬ በስልክ ስንነጋገርም ያው ነው፤ ግማሹ ጊዜ «ደኅና ነህ? ደኅና ነሽ? ሁሉም ደኅና ነው?» ስንባባል ያልፍና፣ ነገሩ ሊጀመር ሲል ሰላምታው ያልቃል።

ለዚህም ምክንያት አለው። በአገራችን ልማድ ሞት እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው በመንገድ ላይ ወይም በሥራው ስፍራ አይነገረውም፤ ብቻውንም ሳለ አይረዳም። ሽማግሌዎች፣ ዘመዶችና ጎረቤቶች ተሰብስበው ገና ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ይሄዳሉ፤ መርዶውንም ነግረው ያለቅሱታል፤ ደግፈው ይይዙታል፤ ቤቱንም ሳይለቁ ይሰነብታሉ። ይህ ልማድ የደግ ሕዝብ ልማድ ነው። ኀዘን በሰው ላይ ሲወድቅ የሚደግፍ ክንድ አስቀድሞ ይዘጋጅ ማለት ነውና። ስለዚህ ሞትን በወረቀት ጽፎ መላክ በእኛ ዘንድ እንደ ጭካኔ ይቆጠራል። ሰው በውጭ አገር ሲኖርም ወገኖቹ ይህንኑ ልማድ ይጠብቃሉ፤ በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ ወዳጆቹ በማለዳ ተሰብስበው እስኪነግሩት ድረስ ወሬው ይሸሸገዋል።

ነገር ግን ይህ መልካም ልማድ ሳናስተውለው ወደ ሌላ ነገር የሚለወጥበት ጊዜ አለ። መርዶውን በሥርዓት እስክንነግር ብለን የሸሸግነው ወሬ፣ ነጋሪ ሳይላክለት ወር ይቆያል፤ ወሩ ሦስት ወር፣ ሦስቱም ወር ዓመት ይሆናል። በዚህ መካከል «ደኅና ነን» የሚለው ቃል ሰላምታ መሆኑ ቀርቶ ሐሰት ይሆናል። በፍርድ ቤት መዝገብ ሥራ ላይ የኖርን ሰዎች የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሐሰት የሚገባው በተጻፈው ቃል ብቻ ሳይሆን በተዘለለውም ቃል ነው።

ይህን የምለው ካየሁት ነገር ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ቀድሞ በገጠር አጥቢያ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ መምሬ ነበሩ። የቤታቸው ልማድ በየዓመቱ በጳጉሜን ቀኖች ተሰብስበው አንድ ደብዳቤ ማዘጋጀት ነበር። አንዱ ቅጂ በኢየሩሳሌም ገዳም ለሚኖሩት የቅኔ ቤት ጓደኛቸው፣ አንዱ በጎንደር ላለ ቀድሞ ድቁና ላገለገላቸው ሰው፣ አንዱ በድሬዳዋ ለሚኖሩ የንስሐ ልጃቸው፣ አንዱም በዋሽንግተን ለምትኖር ለሁለተኛዪቱ ልጃቸው የክርስትና እናት ይላክ ነበር። እኔም ጽሕፈቴን ስለሚወዱት ግልባጮቹን የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ።

በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ያቺ ሁለተኛዪቱ ልጃቸው በ19 ዓመቷ ሞተች። ታምማ የተኛችው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበረ። በጳጉሜን እንደ ልማዴ ስሄድ መምሬ ደብዳቤውን ረቂቅ አድርገው ጠበቁኝ። «ልጄ፤ ይህን አሳምረህ ገልብጥልኝ» ብለው ሰጡኝ። አነበብሁት። የዝናሙ ብዛት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ መታደስ፣ የታላቁ ልጅ ከትምህርት ቤት መመረቅ በመልካም ቃል ተጽፏል። መጀመሪያው ላይ ግን «ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» ይላል። ባለቤታቸው ቡናውን ትተው መጡና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ያን ቃል በሰሙ ጊዜ አቋረጡኝ።

«መምሬ፤ ይህ ‹ሁላችንም› ያሉት ስንት ነው?» አሉ።

መምሬም ዝም አሉ።

«እኛ ስድስት ነበርን፤ አሁን አምስት ነን። ስድስት ብለው ቢጽፉ ሐሰት ነው። አምስት ብለው ቢጽፉ መርዶ ነው። ‹ሁላችንም› ብለው ቢጽፉ ግን ልጄን ከቤቱ ቁጥር አወጧት ማለት ነው። እኔ ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ቀብሬያታለሁ፤ ሁለተኛ በወረቀት አልቀብራትም።»

መምሬም ዓይናቸው እንባ ሞላና «ታዲያ በሰው አገር ብቻዋን ያለችውን ሴት በወረቀት ልግደላት?» አሉ። የክርስትና እናቷን ማለታቸው ነበር። ያቺ ሴት በየፋሲካው ለልጂቱ ቀሚስ የምትልክ፣ በስልክ በደወለች ቁጥርም አስቀድማ እርሷን የምትጠይቅ ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ «ትምህርቷ ላይ ናት»፣ «ወደ አክስቷ ሄዳለች» ሲሏት ከርመዋል። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ ሁለቱም በፍቅር ተናገሩ። እኔም ብዕሬን ይዤ ምን እንደምል አጣሁ።

ከብዙ ዝምታ በኋላ መምሬ ቀና ብለው «ጳውሎስ ወረቀቱን ለብቻው አልሰደደውም፤ ከቲኪቆስ ጋራ ሰደደው እንጂ» አሉ።

ነገሩም በዚህ ተፈጸመ። ሁለት ደብዳቤ ተጻፈ። አንዱ በዚያ ከተማ ባለው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ለሚያገለግሉ ካህን ነበረ፤ ሴቲቱ ከሥራ በምታርፍበት ቀን ከወዳጆቿ ጋራ በማለዳ ከቤቷ ገብተው እንዲነግሯት የሚለምን ነው። ሁለተኛው ያው የዓመቱ ደብዳቤ ሲሆን፣ ካህኑ ካረዷት በኋላ በእጃቸው እንዲሰጧት ታዘዘ። ለሌሎቹም ወዳጆች እንዲሁ በየአገሩ አንድ ነጋሪ ተፈለገ። «ሁላችንም ደኅና ነን» የሚለው ቃል ተፋቀና በስፍራው እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፤ «በሰኔ ወር ሁለተኛዪቱ ልጃችን ከዚህ ዓለም ተለየችን። አሥራ አንድ ቀን ታምማ ነበር። በመጨረሻው ቀን የክርስትና እናቷ የላከችላትን ነጭ ቀሚስ አልብሱኝ ስላለች በዚያው ተቀበረች። የቀረነው አምስት ሰዎች ነን፤ ኀዘናችን ገና አልበረደም፤ እግዚአብሔር ግን አልተወንም።» ከዚህ በኋላ የጣራው መታደስና የታላቁ ልጅ መመረቅም ሳይቀር ሁሉም እንደ ነበረ ተጻፈ፤ ደስታውም ከኀዘኑ ጋራ በአንድ ዓመት የመጣ ነውና።

በጥቅምት ወር መልስ መጣ። ሴቲቱ የጻፈችውን መምሬ አነበቡልኝ። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በስልክ ድምፃቸው ስለ ተለወጠባት፣ ያስቀየመቻቸው ነገር እንዳለ ቆጥራ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ነበር። እጅግ ያሳዘናት ግን የልጂቱ አርባ በወጣበት ቀን እርሷ ሳታውቅ በሰርግ ቤት እያጨበጨበች መዋሏ ነው። «እናንተ ከኀዘን ልታድኑኝ ብላችሁ ነበር፤ ኀዘኑ ግን አልቀረልኝም፤ ከእናንተ ጋራ አብሬ ማልቀሴ ብቻ ቀረብኝ» ብላ ጻፈች። ከዚያም በመጨረሻው ላይ፣ እርሷ ራሷ ከሁለት ዓመት በፊት ከሥራዋ ወጥታ ብዙ እንደ ተቸገረች፣ ይህንንም ከእነርሱ ሸሽጋ እንደ ኖረች ገለጸች። የእነርሱ ደብዳቤ እውነት ስለ ተናገረ የእርሷም ደብዳቤ እውነት ተናገረ።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ስለ ዓመት ደብዳቤ የምንመክረው ጥቂት ነገር ነው።

አንደኛ፤ ደብዳቤው በጊዜው ይጻፍ። ለእኛ ከጳጉሜን የተሻለ ጊዜ የለም። አሮጌው ዓመት ሒሳቡን ዘግቶ አዲሱ ገና በሩን ሳይከፍት ያለ ጊዜ ነውና። ካህናት መስከረም 1 ቀን የአዲሱን ዓመት ወንጌላዊ፣ በዓላትና አጽዋማት ለሕዝብ እንደሚያውጁ፣ የቤቱ አባትና እናትም ያለፈውን ዓመት ለወዳጅ ቢያስታውቁ የተገባ ነው።

ሁለተኛ፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ በየስሙ ይነገር። ሕፃኑም፣ አሮጊቷም፣ በቤቱ ያደገችው ሠራተኛም አይዘለሉ። ልጆች ካደጉ ግን ስለ እነርሱ የተጻፈውን አስቀድመው እንዲያነቡት ማድረግ ያስፈልጋል። ልጅ በአባቱ ደብዳቤ ውስጥ ውድቀቱን ሳያውቅ ለአራት አገር ሰው ቢነገርበት ያዝናል፤ ማዘኑም ትክክል ነው።

ሦስተኛ፤ ሞትን ወይም ከባድ ሕመምን የያዘ ደብዳቤ ለብቻው አይሂድ። አስቀድሞ ሰው ይሂድ፤ ወረቀቱ ይከተል። ነገር ግን ነጋሪ አጣሁ ብሎ ዓመት ሙሉ መሸሸግ መርዶን ማክበር አይደለም። ነጋሪውን የመፈለግ ሥራ የላኪው ሥራ ነው።

አራተኛ፤ ሹመትና ሀብት የተገኘ እንደ ሆነ በአንድ መስመር ይነገርና ይታለፍ። ወዳጅ የሆነ ሰው በአንድ መስመር ደስ ይለዋል፤ በአሥር መስመር ግን ይሰለቻል።

አምስተኛ፤ ለሁሉ አንድ ዓይነት በሆነው ደብዳቤ ግርጌ ላይ ለእያንዳንዱ ወዳጅ ሁለት ወይም ሦስት መስመር በገዛ እጅ ይጻፍ። ከእነዚህም አንዱ መስመር ጥያቄ ይሁን፤ ጥያቄውም «ደኅና ነህ ወይ?» ብቻ አይሁን። «የእናትህ ዓይን እንዴት ሆነ? ያ የመሬት ክርክር አለቀ ወይ? ልጅህ ተመለሰ ወይ?» የሚል ይሁን። እንዲህ ያለ ጥያቄ፣ ያለፈው ዓመት ደብዳቤ ተነብቦ እንዳልተጣለ ያስታውቃል።

መምሬና ባለቤታቸው ዛሬም በየዓመቱ ይጽፋሉ፤ ግልባጩንም የምጽፈው እኔው ነኝ። ባለፈው ጳጉሜን የሰጡኝ ረቂቅ የቤቱን ሰዎች በየስማቸው ካነሣ በኋላ፣ በመቃብሩ ራስጌ የተተከለው ጽድ ከአጥሩ በላይ መብቀሉን በአንድ መስመር ይናገራል። ባለቤታቸው ሳነብላቸው በጣታቸው እየቈጠሩ ይሰሙኝ ነበር። ጽዱ ያለበት መስመር ላይ ስደርስ ስድስተኛውን ጣታቸውን አጠፉና «በቃ፤ አሁን ላከው» አሉኝ።